የአማርኛው መመሪያ

ናይሮቢ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ቶይባ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እርስዎም፣ ጋሽ ሸፊም፣ ሉብናም በአላህ ጥበቃ ሥር ሆናችሁ ይህ ጽሑፍ እንዲያገኛችሁ ዱዓዬ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አባቴ፣ ያው አጎትዎ፣ ሁለተኛ ደረጃ እንድማር ጉለሌ አምጥቶ እርስዎ ቤት ሲያስቀምጠኝ «ከዛሬ ጀምሮ እናትህ ቶይባ ናት» ያለኝን አልረሳሁም። አራት ዓመት ያበላኝን እጅ እንዴት እረሳለሁ?

አሁን የምሠራው ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት የምግብ ማብሰያ ነዳጅ የሚያመርት፣ ምድጃውንም የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ነው። የእኔ ድርሻ መንግሥታትን ማሳመን ነው፤ በነጭ ጋዝ ላይ ቀረጥ እንዲጨምሩ፣ የእኛን ነዳጅ ደግሞ እንደ መጠጥ ቆጥረው እንዳይቀርጡት። ይህ ሥራ ሎቢ ይባላል። አሁን ተራው የኢትዮጵያ ነው።

ወኪላችን ኦልያድ አንድ ምድጃና አንድ ጀሪካን ነዳጅ ነገ ያደርስልዎታል፤ ስጦታ ነው። አብስለውበት ያዩትን በወረቀት ጽፈው ይላኩልኝ። በስልክ ከምናወራው በጽሑፍ ቢሆን ይሻለኛል፤ የተጠቃሚ ድምፅ ለባለሥልጣን የሚቀርበው ሲጻፍ ነው። የአጠቃቀም መመሪያው ለጊዜው በእንግሊዝኛ ነው፤ የአማርኛውን በቅርቡ እልካለሁ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ነዳጁ ኢታኖል ነው፤ በተራ ቋንቋ አልኮል ማለት ነው። ጋሽ ሸፊን አውቃቸዋለሁና ይህቺን ቃል ባያነሱባቸው። የሰፈሩን ቃል ይጠቀሙ።

አክባሪዎ ሀምዳን


ጉለሌ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄም ለወንድሜም ለሀምዳን፣

ወዓለይኩም አሰላም። አላህ ባለህበት ይጠብቅህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን፤ ከሩፋኤል በላይ ያለው ብርድ እንደሆነ እንደምታውቀው ነው።

እኔ እኮ ሎቢ የሚባለው ሆቴል ሲገባ ሶፋ ያለበት ቦታ መስሎኝ ነበር! ሉብና ናት ያስረዳችኝ። «እማ፣ መንግሥት ደጅ እየቆሙ የሚለምኑበት ሥራ ነው» አለችኝ። ታዲያ ደጅ ጥናት አትለውም? አያቶቻችን በባዶ ሆዳቸው ይጠኑት የነበረውን ደጅ አንተ በደሞዝ ትጠናለህ ማለት ነው። ጎበዝ!

ምድጃህ ግን ወላሂ ግሩም ነው። ጭስ የለው፣ እንደ ነጭ ጋዝ አይሸት፣ ድስት አያጠቁር። ሸፊ መጀመሪያ ቀን አፍንጫውን እየነፋ መጣና «ይሄ ነገር አረቄ አረቄ አለኝ» አለ። ደነገጥኩ። «ከናይሮቢ የመጣ አዲስ ጋዝ ነው፣ እንዲህ ነው የሚሸት» አልኩት። እኛ ሰፈር ከክብሪት በቀር የሚነድ ሁሉ ጋዝ አይደል? በቃ አመነኝ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስሙ ጋዝ ነው፤ ሉብናም ጋዝ ነው የምትለው። ጎረቤቴ ጀዊሪያ ደግሞ ባየችው ቁጥር «ለእኔስ?» ትላለች፤ ቅናቷን ታውቃለህ።

የእኔ ስልክ ቁልፍ ያላት አሮጊት ስለሆነች የምጽፍልህን ሉብና በስልኳ ፎቶ እያነሳች በቴሌግራም ትልክልሃለች። የአንተም መልስ እዚያው ይምጣ፤ ከስልኳ አነበዋለሁ። እሷ ግን ማንበብ ክልክል ነው። የሰው ደብዳቤ አማና ነው፣ አደራ ነው ብያታለሁ፤ ልጄን አምናታለሁ።

መመሪያውን አትርሳ። የእንግሊዝኛው ላይ ቀይ ምልክት አለ፤ ምን እንደሚል ሉብናም በደንብ አልገባትም።

እህትህ ቶይባ


ናይሮቢ፣ ኅዳር 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

የተከበሩ እትዬ ቶይባ፣

ሰላም በላይዎ ይሁን። «ድስት አያጠቁር» ያሉትን የቀረጡን ጉዳይ ለሚያየው የመንግሥት ኮሚቴ ቃል በቃል አቅርቤዋለሁ። አንድ የኮሚቴ አባል ጮክ ብለው አነበቡት። አላህ ይስጥዎት።

ቀጣዩ መድረክ የባለድርሻ አካላት ምክክር ነው፤ የሚካሄደው ሚያዝያ ላይ ነው። እስከዚያ ስለ ነጭ ጋዝ አደጋ የሚያስረዳ ነገር ብንጨምርበት ጥሩ ነበር። የሚያውቁት የተቃጠለ ሰው ካለ በቃልዎ ይጻፉልኝ።

የአማርኛው መመሪያ ትርጉም ላይ ነው።

ሀምዳን


ጉለሌ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሀምዳን፣

ሰላምታውን አላህ ይሙላልኝ፤ እኔ አቅም የለኝም።

የተቃጠለ ሰው ስጪኝ ብለህ ነበር። ይኸውልህ፣ ሉብና።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 6 ነው፣ እኩለ ቀን። እኔ መርካቶ ነበርኩ። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ በቀጥታ ምድጃው ላይ ታርፋለች፤ ቦታውን ታውቀዋለህ፣ አንተ ቁጭ ብለህ ታጠናበት የነበረው ነው። ልጄ ወጥ እያሞቀች ነበር። አየችው፣ እሳት የለም። ነዳጅ ያለቀ መሰላት። ልትሞላው ከጀሪካኑ በጠርሙስ ቀድታ ስታፈስበት እሳቱ በጠርሙሱ አፍ ወጣ። ለካ አልጠፋም ነበር! የአንተ ነዳጅ ነበልባሉ በፀሐይ አይታይም። ሸፊ ከሱቅ ሮጦ ደርሶ በጋቢው ጠቀለላት። ፊቷ በቀኝ በኩል፣ አንገቷ፣ ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሀምዳን።

ያን ቀይ ምልክት እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው አነበበልኝ። «ሳይቀዘቅዝ አትሙሉ፤ ነበልባሉ በብርሃን አይታይም» ነው የሚለው። አንድ መስመር ነበረች። አንዲት መስመር ለመተርጎም ስንት ወር ይፈጃል?

ሆስፒታል መዝጋቢዋ «በምንድነው የተቃጠለችው?» አለችኝ። አፌ ለምዶት ነው ብዬ ልዋሽህ? አልዋሽም። ሸፊ አጠገቤ ቆሞ ነበር። በቤቱ አልኮል ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ብናገር እዚያው ይፈታኝ ነበር። «በጋዝ» አልኩ። ካርዷ ላይ «ነጭ ጋዝ» ብላ ጻፈች።

ሐኪሞቹ ደጋግ ናቸው። ከጭኗ ቆዳ ወስደው ለጥፈውላታል። ቆዳው እየዳነ ሲመጣ ይኮማተራል፣ አንገቷንና ጣቶቿን ይጎትታል፣ ስለዚህ መጋቢት 10 ድጋሚ ኦፕራሲዮን ይሠራላታል ብለው ቀጥረውናል። ለዋና ሰዎችህ ንገራቸው። ምድጃውን ከሰው ቤት ያንሱት። ሌላ የምለምንህ የለኝም።

ቶይባ

ይህንንም ደብዳቤ ፎቶ የምታነሳው ራሷ ሉብና ናት፣ በግራ እጇ። ዓይኗ ፊደል እንደማይለይላት ነግራኛለች፤ ሁሉም ነገር እንደ ጉም ነው የሚታያት።


ናይሮቢ፣ የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ቶይባ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ያሽራት፤ ለእርስዎም ሶብሩን ይስጥዎት። የዘገየሁት ነገሩን ከኃላፊዎቼ ጋር ሳልመክር መጻፍ ስላልፈለግኩ ነው። ደብዳቤዎን ሳነብ አልቅሻለሁ።

ካርዱ ላይ «ነጭ ጋዝ» እንደሚል ጽፈውልኛል። እትዬ፣ እንደዚያው ይቆይ። እርስዎ አልዋሹም፤ በሰፈሩ ቃል ነው የተናገሩት፣ መዝጋቢዋም የገባትን ጻፈች። አሁን ይስተካከል ቢባል ጋሽ ሸፊ መስማታቸው ነው። ትዳርዎን ላድን ብዬ ነው።

ደግሞ ሰፋ አድርገን እንየው። በዚህ አገር በየዓመቱ ስንት ሴት በነጭ ጋዝ ይቃጠላል? የሉብና ሥቃይ ለእነርሱ መዳኛ ይሁን። ካርዷንና ፎቶዋን ይዘን፣ እርስዎ በፈረሙት አንድ ገጽ ምስክርነት ብቻ፣ ሚያዝያ ላይ መድረኩን እናሸንፋለን።

እኔ ደግሞ ቃል እገባለሁ። ድርጅታችን የበጎ አድራጎት ክንፍ አለው። እዚህ ናይሮቢ እጅና አንገት ብቻ የሚሠሩ ስመ ጥር ሐኪም አሉ። ሉብናን አስመጥቼ አሳክማታለሁ፣ አላህ ምስክሬ ነው። ለዚህ ግን የመጋቢቱን ቀጠሮ ይተዉት። አንድ ጊዜ ከተነካካ እኚህ ሐኪም አይቀበሏትም፤ ፎቶውም ከመድረኩ በፊት አሁን ባለችበት ሁኔታ ቢሆን ነው የሚበጀው።

ኦልያድ ካሜራ ይዞ ይመጣል። ነጠላዋን ከአንገቷ ዝቅ ያድርጉላት።

አክባሪዎ ሀምዳን


ጉለሌ፣ የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሀምዳን፣

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፤ አንተ ደግሞ እያለቀስክ ትወስዳለህ። አርባ ቀን ቆይተህ የመጣህበት ነገር ይሄ ነው? ምድጃውን አንሱ አልኩህ፣ ነጠላዋን አንሺ አልከኝ። ያበላሁህ እንጀራ በምን አንጀት ገባልህ?

ሦስት ቀን አልተኛሁም። እንቢ ብዬ ለሸፊ ልናገር ተነሳሁ፣ ሱቁ ደጅ ደርሼ ተመለስኩ። ከዚያ የሉብናን እጅ አየሁት። ጣቶቿ ወደ መዳፏ እየገቡ ነው፤ አገጯ ወደ ትከሻዋ እየተሳበ ነው። ፈተናዋን በየትኛው እጅ ትጽፋለች? አንተ ደግሞ የሰየምካቸው ሐኪም እጅና አንገት ብቻ ነው የሚሠሩት። ምን ላድርግ?

ፈርሜያለሁ። መጋቢት 10ን ትቼዋለሁ። ሐኪሙ ተቆጣኝ፤ «እናት፣ ይህ ነገር ጊዜ አይሰጥም» አለኝ። ዘመድ አለን አልኩት።

ኦልያድ መጥቶ አነሳት። ነጠላዋን ዝቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ልጄ ግድግዳውን ታይ ነበር። ሸፊ መስጂድ ነበር።

እንግዲህ አንገቷን በእጅህ አድርጌያለሁ፣ ሀምዳን። ዕዳዬ የለብህም ነበር፤ አሁን አለብህ።

ቶይባ

የደብዳቤው ፎቶ ደብዝዞ ከሆነ ንገረኝ። ሉብና ስታነሳ እጇ ይንቀጠቀጣል።


ናይሮቢ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ቶይባ፣

የዒድ ሰላምታዬ ዘገየ፤ ይቅርታ። ምክንያቱን ሲሰሙ ይደሰታሉ።

መመሪያው ወጣ! አልሐምዱሊላህ! የሉብና ፎቶ በአዳራሹ ታየ። የእርስዎን ገጽ ያነበቡት ሴትዮ መጨረሻውን መጨረስ አቅቷቸው ሰጡኝ፤ እኔ ጨረስኩት። ነጭ ጋዝ ላይ ቀረጥ ተጨመረ፣ የእኛ ነዳጅ ከመጠጥ ቀረጥ ወጣ። እኔም እድገት አግኝቻለሁ። ይህ ሁሉ የእናንተ ቤት በረከት ነው።

የሉብና ጉዳይ በሂደት ላይ ነው። ፓስፖርት ታውጣ።

(ደብዳቤዎ አንድ ጥግ ላይ ደብዝዞ ነበር፤ ግን ተነቧል።)

ሀምዳን


ጉለሌ፣ ሰኔ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሀምዳን፣

«መመሪያው ወጣ!» የሚለውን ሳነብ እልል አልኩ፣ ሞኟ። የአማርኛው መስሎኝ! ሳሩን ያየ በሬ ገደሉን አያይም። ደግሜ ሳነበው ነው የመንግሥቱ መሆኑ የገባኝ። ለነዳጁ መመሪያ ወጣለት፣ ነዳጁን ለምትሞላው ሴት ግን እስከ ዛሬ አልወጣላትም።

ፓስፖርቷ ወጥቷል። ፎቶው ላይ «ቀጥ ብለሽ እዪ» ሲሏት አንገቷ አልሄደላትም። ቀኑን ንገረኝ። ቀን ብቻ።

ሩፋኤል ታክሲ መያዣው ላይ ትልቅ ፖስተር ተሰቅሏል። የሉብና ፊት ነው። «ነጭ ጋዝ ይህን አደረገኝ። እኔ ወደ ንጹሕ ምድጃ ዞሬያለሁ» ይላል። ሕዝብ ሁሉ እያየ ያልፋል። ሸፊ ቆሞ አነበበውና «መልካም አድርገዋል፣ ሌላው ይማርበት» አለኝ። አፈር ልሁን!

ጀዊሪያም ገዛች። ፖስተሩን አይታ መጣችና «የቶይባ ልጅ ካመነችበትማ» አለች። የነጠላዬን ጫፍ ይዛ፣ እየሳቀች። በብርሃን አትሙዪው፣ ሲቀዘቅዝ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። እንዴት አወቅሽ ብትለኝስ? ብርድ ነው ብዬ ገባሁ።

ቀኑን ንገረኝ።

ቶይባ


ጉለሌ፣ መስከረም 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀምዳን፣

ሦስት ወር መልስ የለም። ኦልያድም ስልኩን አያነሳም። ዝም አይነቅዝም ብለህ ነው?

ጀዊሪያ ሞተች። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም 4፣ ፀሐይዋ ተመልሳ መጣች። እንደ ሉብና ነው፣ ልክ እንደ ሉብና፤ ጠፍቷል ብላ ሞላችው። ባሏ ኢምራን ሥራ ላይ ነበር። ያወጣኋት እኔ ነኝ፣ ሆስፒታል ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ቀሚሷ ከቆዳዋ ጋር ሆኖ ነበር። ያቺው መዝጋቢ ነበረች፤ አወቀችኝ። «እናቴ፣ ደግሞ ጋዝ?» አለችኝ።

ጀዊሪያ በደንብ ትሰማ ነበር። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው። ራሷን ነቀነቀች፣ አይደለም ለማለት። «ኢታኖል» ብል የፈረምኩት ወረቀት ውሸት ይሆናል፤ ናይሮቢ ይቀራል፤ የሉብና ጣት እንደተጨበጠ ይቀራል። ያንን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት። ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት ይህን ያህል ያስባል?

«አዎ፣ ጋዝ» አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ሞተች። ሦስት ልጆች ትታለች። ኢምራን ለቅሶ ላይ እጄን ስሞ «አንቺ ባትኖሪ ብቻዋን ነበር የምትሞተው» አለኝ።

አሁን ሉብናን ውሰዳት። ከዚህ በላይ የምከፍልህ የለኝም።

ቶይባ


ናይሮቢ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ቶይባ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ለጀዊሪያ አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃት። በአዲሱ የሥራ ኃላፊነቴ ምክንያት ጉዞ ስለበዛብኝ ዘግይቻለሁ።

የሉብናን ፎቶዎች ለሐኪሙ አሳይቻለሁ። እንደ አለመታደል ሆኖ ጅማቱ ስለደረቀ ጊዜው አልፏል ብለዋል። በስድስት ወር ውስጥ ተሠርታ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ተስፋ ነበራት። አላህ የወሰነው ነው፤ እኛ ሰበቡን አድርሰናል። የበጎ አድራጎት ክንፋችንም ዘንድሮ ወደ ሌላ አገር ዞሯል።

ድርጅቱ ግን አልረሳችሁም። ኦልያድ ሁለት አዳዲስ ምድጃ ያመጣል። ካርቶኑ ላይ የሉብና ፎቶ አለበት፤ ብታየው ደስ ይላታል ብዬ አስባለሁ። የአማርኛው መመሪያ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ተይዟል።

አንድ የመጨረሻ ውለታ። የጀዊሪያ ካርድ ላይም «ነጭ ጋዝ» ተብሎ ከሆነ ኮፒውን ከኢምራን ቢቀበሉልኝ። በሚቀጥለው ዙር ነጭ ጋዝ ከናካቴው እንዲታገድ እንጠይቃለን። በሞት የተደገፈ ማስረጃ ክብደቱ ሌላ ነው።

አክባሪዎ ሀምዳን


ጉለሌ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሀምዳን፣

ሉብና ነኝ። ደብዳቤዎን አንብቤዋለሁ። «አንቱ» ያልኩህ ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ዓይኔ ደህና ነው። ያን ቀንም ደህና ነበር። እናቴ በፋሻዬ አጠገብ ቁጭ ብላ ስትጽፍ፣ እንዳላነበው ፈርታ ፊቷን ስታዞር አየኋትና «ፊደል አይለይልኝም» አልኳት። ደስ አላት። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም አንብቤያለሁ፤ የአንተን ከእሷ ቀድሜ፣ የእሷን ሳነሳው። ነጠላዬን ለምን ዝቅ እንዳደረገችው አውቅ ነበር። መጋቢት 10 ለምን እንደቀረም አውቅ ነበር። ዝም ያልኩት ናይሮቢን ፈልጌ ነው። እኔም እንደ እናንተው ነኝ። ጀዊሪያ ምድጃውን ተሸክማ በደጃችን ስታልፍ መስኮት ላይ ነበርኩ፤ እጄን አውለበለብኩላት።

የማላውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጊዜው ማለፉን። እሱን በደብዳቤህ አገኘሁት።

ስለዚህ ሁሉንም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ለኢምራን ላክሁለት። ለኮሚቴውም በአድራሻው ልኬያለሁ፤ አድራሻውን የመንግሥቱ መመሪያ ላይ አገኘሁት። ለአባቴ ደግሞ ቁጭ አድርጌ አነበብኩለት። «አልኮል» የሚለው ላይ ስደርስ አላቋረጠኝም። «አዎ፣ ጋዝ» የሚለው ላይ ስደርስ ተነሳ።

የአማርኛውን መመሪያ በግራ እጄ ጽፌ ጨርሻለሁ። ሁለት መስመር ነው፤ «ነበልባሉ በፀሐይ አይታይም። ሳይቀዘቅዝ አትሙሉ።» ትርጉሙ አንድ ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። ሩፋኤል ያለው ፖስተር ላይ ለጠፍኩት፣ ፊቴ ላይ።

ኢምራን ትናንት ከሽማግሌዎች ጋር መጣ። አልጮኸም። እናቴን «የሳምኩትን እጅ ልየው» አላት፣ አየው፣ ሄደ። አባቴ ማታውኑ ጓዟን ደጅ አወጣው። በሩን አልከፈተላትም። እኔም አልከፈትኩላትም።

አሁን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ወረቀት ጉልበቷ ላይ አድርጋ እየጻፈች ነው። ለአንተ ይሁን ለእኔ አላውቅም። ስትጨርስ በበሩ ሥር ትሰደዋለች፤ ፎቶ የሚያነሳላት ሌላ ሰው የላትም።

ሉብና ሸፊ